ፊርማውና አማናው



በዚህ ወር ልናነሳው የወደድነው ጉዳይ በብዙ ቤተሰብ ዘንድ የሚያከራክር ነው። አንድ ወጣት በግዥና አቅርቦት አስተዳደር ተመርቆ በመከላከያ ወይም በሌላ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የግዥ ኃላፊ ሆኖ ሲመደብ ዘመድ ጎረቤቱ በሁለት ይከፈላል። ግማሹ «እሰይ፣ አሁን ያልፍላችኋል!» ይላል። ግማሹ ደግሞ «ልጄ፣ እዚያ ገብቶ ሐላል በልቶ የወጣ የለምና ይቅርብህ» ብሎ ይመክራል። አመስጋኙም አስፈራሪውም ያመኑት አንድ ነገር ነው፤ ወንበሩ የሚበላበት ነው ብለዋል። እኛ ግን በዚህ አንስማማም።

ነገሩን ከዋግ እንጀምረው። ሰቆጣ በድሮው ዘመን ከታወቁት የጨው ገበያዎች አንዷ ነበረች። አሞሌው ከአፋር በረሃ ተቆርጦ፣ በግመል፣ በበቅሎና በአህያ ተጭኖ፣ ያንን ሁሉ ዳገት ወጥቶ እዚያ ይራገፋል። በሲራራ ንግዱ የሙስሊም ነጋዴዎች ድርሻ ከፍ ያለ እንደነበር ይታወቃል። አሞሌ እንደ ገንዘብ ስለሚያገለግል ጫፉ ከተሰበረ ዋጋው ይወድቃል። በመሆኑም ተቀባዩ ከመክፈሉ በፊት አንድ በአንድ አገላብጦ ያያል።

ያ ነጋዴ የሚያገላብጠው የገዛ ገንዘቡን ስለሆነ ጠባቂ አያስፈልገውም። የመንግሥት ግዥ ኃላፊ የሚያገላብጠው ግን የሌላውን ነው፤ የግብር ከፋዩን፣ የወታደሩን፣ የተራበውን ሕፃን። ባያገላብጥ ከኪሱ የሚጎድል ነገር የለም። ፈተናው ያለው እዚህ ላይ ነው።

ሥራው ምን እንደሚመስል ለማያውቁ ወላጆች በአጭሩ እንንገራቸው። መሥሪያ ቤቱ ፍላጎቱን ያጠናል፤ የሚገዛው ዕቃ ዝርዝር መግለጫ ይጻፋል፤ ጨረታ ይወጣል፤ ሰነዱ በተጫራቾች ፊት ይከፈታል፤ ተገምግሞ አሸናፊው ይለያል፤ ውል ይፈረማል። ዕቃው ሲመጣ በውሉ መሠረት መሆኑ ተመርምሮ በሞዴል 19 ገቢ ይሆናል፤ ለተጠቃሚው ሲሰጥ በሞዴል 22 ይወጣል። ኃላፊው በየደረጃው ይፈርማል። ፊርማው ምስክርነት ነው፤ «አይቻለሁ፣ እውነት ነው» ማለት ነው።

ሌብነቱ የሚገባው ብዙ ሰው እንደሚያስበው በካዝናው በኩል አይደለም። ዝርዝር መግለጫው አንድ ነጋዴ ብቻ እንዲያሟላው ተደርጎ ሲጻፍ ጨረታው ከመውጣቱ በፊት አልቋል። አንዱ ግዥ ጨረታ እንዳያስፈልገው ተቆራርጦ በፕሮፎርማ ሲገዛም እንዲሁ። «ጊዜ የለንም፣ አስቸኳይ ነው» ሲባል ደግሞ ሁሉም ዝም ይላል። ከሁሉ የሚከፋው ግን ያልታየ ዕቃ በወረቀት ገቢ ሲሆን ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን ወደ እህል ክምር ውስጥ አስገብተው ጣቶቻቸው እርጥበት ማግኘታቸው፣ ባለቤቱ ዝናብ ነክቶት ነው ሲል ሰው እንዲያየው ለምን ከላይ አላደረግኸውም ብለው መገሠጻቸውና ያታለለ ከእኛ አይደለም ማለታቸው የታወቀ ነው። የዕቃ ተረካቢ ኮሚቴ ሥራ ይኸው ነው፤ እጅን ወደ ክምሩ ውስጥ ማስገባት።

በወታደር ቤት ነገሩ ይብሳል። ወታደር የቀረበለትን ይበላል፣ የተሰጠውን ይጫማል፤ ከሌላ ሱቅ ልግዛ አይልም። በጥር 1966 ዓ.ም በነገሌ ቦረና የነበሩት ወታደሮች ምግባቸው ተበላሽቶ፣ የውኃ ፓምፓቸው ከአገልግሎት ውጭ ሆኖ፣ መኮንኖቹ ከራሳቸው ጉድጓድ እንዲጠጡ ስላልፈቀዱላቸው አለቆቻቸውን አሠሩ። ሊያነጋግሯቸው የተላኩትን ጄኔራልም እነርሱ የሚቀምሱትን እንዲቀምሱ አስገደዷቸው። ዐመፁ ከሠፈር ወደ ሠፈር ተዛምቶ፣ ዓመቱ ሳይዞር መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም ዘውዱ ወረደ። አብዮቱን ያመጣው አንድ ፓምፕ ነው አንልም። ነገር ግን ያን ፓምፕ በጊዜው ማስጠገን የነበረበት አንድ ኃላፊ መኖሩ አይቀርም።

ከቅርቡ ደግሞ የሜቴክን ጉዳይ እናንሳ። የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን በ2002 ዓ.ም ተቋቁሞ በመከላከያ መኮንኖች ሲመራ ቆየ። የሕዳሴ ግድብና የስኳር ፋብሪካዎችን የሚያህል ሥራም ተሰጠው። በነሐሴ 2010 ዓ.ም የግድቡ ሥራ ከእጁ ወጣ። በኅዳር 2011 ዓ.ም የወቅቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ በሰጡት መግለጫ ከ2004 እስከ 2010 ዓ.ም ባለው ጊዜ 37 ቢሊዮን ብር የሚደርስ የውጭ ግዥ ያለ ጨረታ መፈጸሙን አስታወቁ። በግለሰቦች ላይ መፍረድ የፍርድ ቤት እንጂ የእኛ አይደለም። እኛን የሚያሳስበን አሠራሩ ነው። የግዥና ንብረት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 649/2001 ግልጽ ጨረታን ዋናው መንገድ አድርጎ፣ ለአገር ደኅንነትና ለመከላከያ ሲባል ግን የተለየ ሥርዓት እንዲፈቀድ በር ትቶ ነበር። አዋጁ ዛሬ በአዋጅ ቁጥር 1333/2016 ተተክቷል። የጦር መሣሪያ ዋጋና ብዛት በጋዜጣ ይውጣ የሚል የለም። ይሁንና ምስጢር የሆነው ከጠላት ለመደበቅ ነው ወይስ ከኦዲተር? በአንድ ስብሰባ ላይ ይህን ጥያቄ በትሕትና የሚያነሳ አንድ ኃላፊ ቢገኝ ስንት ነገር በተረፈ ነበር!

ወደ ሰቆጣ እንመለስ። በ1977ቱ ረሃብ ክፉኛ በተጎዳችው በዚች ከተማ ስም መንግሥት በሐምሌ 2007 ዓ.ም «የሰቆጣ ቃል ኪዳን»ን ይፋ አደረገ፤ ዓላማው ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር እ.ኤ.አ. በ2030 ማስወገድ ነው። ከዚያም በጦርነቱ ምክንያት ከአበርገሌና ከጻግብጂ የተፈናቀሉ ብዙ ወገኖች ሰቆጣ ተጠልለዋል። ቃል ኪዳኑም ሆነ እርዳታው መሬት ሲነካ ግዥ ነው፤ አልሚ ምግብ፣ ስንዴ፣ ድንኳን፣ የውኃ ቧንቧ፣ የጭነት መኪና ኪራይ። መቶ ኩንታል ተብሎ ተፈርሞ ዘጠና ከገባ የጎደለው አሥሩ ከነጋዴው ሳይሆን ከአንዲት እናት ማድጋ ነው።

አላህ (ሱ.ወ.) በቁርኣን ከጦር ምርኮ የደበቀ ሰው የደበቀውን ይዞ በትንሣኤ ቀን እንደሚመጣ ነግሮናል። ጉሉል ይባላል። በኸይበር ዘመቻ ከምርኮ አንድ ካባ የወሰደ ሰው በፍላጻ ተመትቶ ሲሞት ሰዎች ሸሂድ ሆነ ብለው ደስ ቢላቸውም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ካባዋ እሳት ሆና እየነደደችበት መሆኑን ተናገሩ። ካባ ናት፤ መርከብ ወይም ፋብሪካ አይደለችም።

ታዲያ ከዚህ ሁሉ መሸሽ አይሻልም ወይ? ነቢዩ ዩሱፍ (ዐ.ሰ.) የምድሪቱን ግምጃ ቤቶች ለመጠበቅ ራሳቸው ጠይቀዋል፤ ጠባቂም ዐዋቂም መሆናቸውን ገልጸው። በሌላ በኩል አቡ ዘር (ረ.ዐ.) ሹመት ሲጠይቁ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ደካማ መሆናቸውንና ሹመት አማና መሆኑን ነግረው መልሰዋቸዋል። አቡ ዘር በተቅዋ የሚታሙ አልነበሩም። ስለዚህ ሶላቱን የሚሰግድ ሁሉ ለዚህ ወንበር ይሆናል ማለት አይደለም፤ ሒሳቡን የሚያውቅ፣ ሕጉን ያነበበ፣ «አልፈርምም» ለማለት አንደበት ያለው መሆን አለበት። «አልፈርምም» ያለ ሰው ዕድገት ሊያጣ፣ ሩቅ አገር ሊዛወር እንደሚችልም ቤተሰቡ ቀድሞ ይወቅ። ይህን ሳንነግራችሁ ግቡ ብንል እናታልላችኋለን።

ቤተሰቡን ያነሳነው ያለ ምክንያት አይደለም። ጉቦ ቢሮ ድረስ የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚያንኳኳው የቤቱን በር ነው። ለዒድ አል-አድሓ አንድ ሙክት በግ፣ ለረመዷን አንድ ጣሳ የዋግ ነጭ ማር፣ ለልጁ የትምህርት ቤት ክፍያ። ተቀባይዋ ሚስት ናት፤ ወይም «አባቴ የለም» የሚል የአሥር ዓመት ልጅ። በነቢዩ ዘመን ዘካ እንዲሰበስብ የተላከ ኢብኑል ሉትቢያ የሚባል ሰው ተመልሶ ይህ የእናንተ ነው፣ ይህ ደግሞ ለእኔ የተሰጠ ስጦታ ነው ሲል፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሚንበር ላይ ወጥተው፣ በአባቱና በእናቱ ቤት ቢቀመጥ ኖሮ ስጦታው ይመጣለት እንደሆነ ጠየቁ። ዑመር (ረ.ዐ.) ሹሞቻቸውን ሲልኩ ሀብታቸውን ይመዘግቡ ነበር፤ የእኛም አገር ሕግ በአዋጅ ቁጥር 668/2002 ሹሞችና ተመራጮች ሀብታቸውን እንዲያስመዘግቡ አዟል። ባል ያስመዘገበውን ሚስት ልታውቀው ይገባል፤ ከዝርዝሩ ውጭ የሆነ ዕቃ ቤት ሲገባ ቀድማ የምታየው እርሷ ናትና።

በጉ አባወራው በሌለበት መጥቶ በር ላይ ታስሮ ቢገኝስ? ላኪው ከታወቀ በዚያኑ ቀን ሁለት ምስክር ባለበት ይመለስለት፤ መመለሱም በጽሑፍ ለመሥሪያ ቤቱ ይነገር። ካልታወቀ ኃላፊው በማግስቱ ለአለቃው ወይም ለሥነ ምግባር ክፍሉ በደብዳቤ ያስታውቅ፤ ማኅተም ያረፈበትን ግልባጭም ያስቀምጥ። እስከዚያው ድረስ በጉ ሣርና ውኃ ይሰጠው፤ እርሱ ምን አጠፋ?