ሠላሳ ፑሽ አፕ ስንት ነው?

በሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ ፊሽካ ይነፋል፤ ተማሪው መሬት ላይ ይዘረጋል፤ መምህሩ ሰዓቱን ይይዛል፤ በአንድ ደቂቃ ስንት ፑሽ አፕ እንደተሠራ ይመዘገባል፤ ማርኩም በዚያው ይሰጣል። ይህን አሠራር ብዙዎቻችን በተማሪነታችን ዘመን እናውቀዋለን። ነገ ደግሞ እኛው፣ የዛሬዎቹ እጩ መምህራን፣ በእንጅባራም ይሁን በዳንግላ ወይም በአንድ የገጠር ቀበሌ ትምህርት ቤት፣ ፊሽካውን አንገታችን ላይ አንጠልጥለን መቆማችን አይቀርም። እንግዲያውስ ከመቆማችን በፊት አንድ ጥያቄ እናንሳ፦ ለመሆኑ ሠላሳ ፑሽ አፕ ስንት ነው?

ጥያቄው ቀልድ አይደለም። አንዱ ተማሪ ክርኑን ትንሽ ሰበር እያደረገ፣ ወገቡን እያወዛወዘ፣ እንደ ስፌት መኪና መርፌ ቶሎ ቶሎ ብሎ ሠላሳውን ይሞላል። ሌላዋ ተማሪ ደረቷን እስከ መሬት አስጠግታ፣ ሰውነቷን እንደ ጣውላ አቅንታ፣ አሥራ ሁለት ሠርታ ትደክማለች። መዝገብ ላይ የሚሰፍረው 30 እና 12 ነው። ታዲያ የትኛው በረታ? መዝገቡ አይነግረንም። ልጆቹ ግን ከመዝገቡ አንድ ነገር ይማራሉ፤ ይኸውም ማጭበርበር ማርክ እንደሚያስገኝ ነው።

ነገሩን በክብደት እንየው። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ አንድ ጥናት በፑሽ አፕ ጊዜ እጅ የሚሸከመውን ክብደት ለክቶ ነበር። ክንድ ሲዘረጋ ከሰውነት ክብደት 69 በመቶ ያህሉ፣ ደረት ወደ መሬት ሲቀርብ ደግሞ 75 በመቶ ያህሉ እጅ ላይ ያርፋል። በጉልበት ተንበርክኮ ሲሠራ ወደ 54 እና 62 በመቶ ይቀንሳል። 50 ኪሎ የምትመዝን ተማሪ ታች ስትደርስ 37 ኪሎ ተኩል ያህል ተሸክማለች ማለት ነው። ላይ ላዩን የሚወዛወዘው ልጅ እኮ የሸሸው ይህንኑ ከባዱን ቦታ ነው።

ስለዚህ ቁጥር ብቻውን አይበቃም፤ ከቁጥሩ ጋር ምቱ መታወቅ አለበት። ምት ስል አንዱን እንቅስቃሴ ለመጨረስ የሚወስደውን ጊዜ ነው። አሠልጣኞች ይህን በአራት አኃዝ ይጽፉታል፤ ካናዳዊው አሠልጣኝ ቻርልስ ፖሊኲን ይህን አጻጻፍ ካስፋፉት ሰዎች አንዱ ነው። 2-1-1-0 ተብሎ ከተጻፈ በሁለት ሰከንድ መውረድ፣ ታች አንድ ሰከንድ መቆየት፣ በአንድ ሰከንድ መነሳት፣ ላይ ሳይቆዩ እንደገና መውረድ ማለት ነው። ለፑሽ አፕም፣ ቁጢጥ ብሎ ለመነሳትም ይሠራል። እኔ በበኩሌ ለጀማሪ ተማሪ ከዚህ የተሻለ ምት አላየሁም።

እዚህ ላይ ግን ማጋነን አያስፈልግም። «ቀስ ብሎ የሠራ ጡንቻው ቶሎ ይፈረጥማል» የሚሉ አሉ። እ.ኤ.አ. በ2015 ብራድ ሾንፌልድና ባልደረቦቹ ቀደም ሲል የተሠሩ ጥናቶችን ሰብስበው ሲመረምሩ፣ ሠሪው እስኪያቅተው ድረስ ከሠራ፣ አንዱ ድግግሞሽ ግማሽ ሰከንድም ይፍጅ ስምንት ሰከንድ በጡንቻ ዕድገት ላይ የጎላ ልዩነት አላገኙም። እንዲያውም ከአሥር ሰከንድ በላይ የሚጎተተው አሠራር ወደኋላ የቀረ መስሎ ታይቷቸዋል። እንግዲህ እንደ ኤሊ እየተሳቡ አንዱን ፑሽ አፕ ሩብ ደቂቃ ማስፈጀትም ጥቅሙ ለታይታ ነው። የረጋውን ምት የምደግፍበት ምክንያት ሌላ ነው፦ መምህር በዓይኑ ሊያየው ይችላል፣ ተማሪው በፍጥነቱ ተወርውሮ ከባዱን ቦታ ሊያመልጥ አይችልም፣ የአንዱም ቁጥር ከሌላው ቁጥር ጋር ሊወዳደር ይችላል።

መውረዱን ከመነሳቱ ለምን እናስረዝማለን? ጡንቻ እየተኮማተረ ከሚያነሳው ክብደት ይልቅ እየተለጠጠ የሚያወርደው ይበልጣል። ማንሳት ያቃተው ልጅ ማውረድ ይችላል ማለት ነው። አንድም ፑሽ አፕ መሥራት የማይችል ተማሪ በአራት ሰከንድ ቀስ ብሎ ይውረድ፣ ከዚያ በጉልበቱ ተንበርክኮ ይነሳ፤ ወይም እጁን በዴስክ ጫፍ ላይ አድርጎ ይጀምር። እንዲህ ያለው ልጅ በአሮጌው አሠራር ዜሮ ተሰጥቶት ዳር ይቀመጥ ነበር። ይሁን እንጂ መውረድ የራሱ ዋጋ አለው። ዘንገና ሐይቅን ለማየት የሄደ ሰው ከአፋፉ ወደ ውሃው ሲወርድ ትንፋሹ አይቆረጥም፤ ቁልቁለቱ ቀላል ይመስለዋል። ሰውነቱ ካልለመደ ግን በማግሥቱ ጭኑን ይዞ «ኧረ እግሬን!» የሚያሰኘው ከዳገቱ ይልቅ ያ ቁልቁለት ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት አምስት አምስት ሁለት ዙር ይበቃል። ትንፋሽ አይታፈን፤ ሲወርዱ ማስገባት፣ ሲነሱ ማስወጣት ነው።

«ታዲያ ፍጥነት ይቅር ወይ?» የሚል ጓደኛ አይጠፋም። አይቅር! ዘላይና ሯጭ ፍጥነት ያስፈልገዋል፤ ዝላይን በዝግታ ልሥራ የሚል ካለ እሱ ራሱ ቀልደኛ ነው። ነገር ግን ተራ አለው። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በሚከበረው የአገው ፈረሰኞች በዓል ሕዝቡ የሚያጨበጭበው ለግልቢያው ነው። ያ ፈረስ ግልቢያ ላይ የደረሰው በእርምጃ፣ ቀጥሎም በሶምሶማ ከተገራ በኋላ ነው። ውርንጭላን ከበረት እንዳወጣ የሚያስጋልብ አዋቂ የለም። ልጆቹንስ ስለምን በመጀመሪያው ቀን እናስጋልባቸዋለን?

ዋናው ችግር፣ እንደሚባለው፣ የክፍሉ ብዛት ነው። ስድሳ ተማሪ በአርባ ደቂቃ ክፍለ ጊዜ! እዚህ ላይ ሒሳቡን እንሥራ። እያንዳንዱን ተማሪ ለየብቻው አንድ ደቂቃ ብንፈትን ስድሳ ደቂቃ ያስፈልጋል፤ ክፍለ ጊዜው አልቆ ሃያ ተማሪ ይቀራል። በምት ከሆነ ግን አንድ ድምፅ ለሁሉም ይበቃል። አንዱ ድግግሞሽ አራት ሰከንድ ቢፈጅ ስምንቱ በ32 ሰከንድ ያልቃል። ክፍሉ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ግማሹ ሲሠራ ግማሹ የጓደኛውን ደረትና ወገብ ይቆጣጠራል፤ ከዚያ ይለዋወጣል። መምህሩም በሰዓቱ ላይ ከማፍጠጥ ተርፎ በመካከላቸው እየተዘዋወረ ያርማል።

የቆጠራው ነገር ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ብዙዎቻችን ድግግሞሹን «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት…» እያልን እንቆጥራለን። ከአሥር በኋላ ቃሉ ራሱ ይረዝማል፤ «አሥራ ሰባት» ለማለት የሚፈጀው ጊዜ «አንድ» ከማለት ጋር አይተካከልም። በዚህ ላይ ቆጣሪው ሲሰለች ያፈጥናል፤ ልጆቹም አብረውት ያፈጥናሉ። ስለዚህ ድግግሞሹን ጓደኛ ይቁጠር፣ መምህሩ «ውረድ—ውረድ—ያዝ—ተነሥ» እያለ ምቱን ብቻ ይጥራ። አራት ቃል፣ አራት ሰከንድ። በአዊኛ በሚማሩት የመጀመሪያ ደረጃ ክፍሎች ደግሞ በአዊኛ ይባል፤ ቃላቱ እንዲመጣጠኑ አስቀድሞ በሞባይል ሰዓት መለማመድ ነው።

ይህ ከእኔ የመነጨ አዲስ ፈጠራ አይደለም። በአሜሪካ የቴክሳሱ ኩፐር ተቋም ያዘጋጀው ፊትነስግራም የተባለው የተማሪዎች ፈተና ፑሽ አፕን የሚያስቆጥረው በምት ነው፤ በየሦስት ሰከንዱ አንድ፣ በደቂቃ ሃያ። ተማሪው ከምቱ ጋር መሄድ ሲያቅተው ወይም አሠራሩ ሁለተኛ ጊዜ ሲበላሽ ቆጠራው ይቆማል። ሽቅድምድም የለም፤ በማጭበርበር የሚገኝ ትርፍም የለም።

ስለሆነም ለስፖርት መምህሮቻችንም ለሰልጣኞችም አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። በመጪው የማስተማር ልምምድ ቢያንስ በአንድ ሴክሽን የደቂቃው ፈተና ይቅርና በምቱ ይሞከር። በውጤት መመዝገቢያው ላይም ከቁጥሩ ጎን ምቱ ይጻፍ፤ «12፣ በ2-1-1-0» ተብሎ። የምንሰጠው ማርክ ከፍ ያለው ተማሪው በወሩ መጨረሻ ከወሩ መጀመሪያ ስንት እንደጨመረ ታይቶ ይሁን። ይህ አሠራር በስድሳ ተማሪ ፊት አይሆንም የሚል ካለ፣ ሞክሮ ያየውን በዚሁ ሰሌዳ ላይ ይጻፍልን፤ ቦታ አለ።