«አስተርጓሚዎቻችንን እናመሰግናለን» ማለት አይበቃም



ከጥቂት ዓመታት በፊት ከሰፈራችን ልጆች አንዷ ስለ ማኅበረሰባችን ጤና በሚደረግ ጥናት ውስጥ ተቀጥራ ትሠራ ነበር። በወረቀቱ ላይ ሥራዋ «አስተርጓሚ» ይባላል። እርስዋ ግን ጥያቄዎቹን ከዕብራይስጥ ወደ አማርኛ መለሰች፤ ሽማግሌዎች ያልገባቸውን ጥያቄ አስተካከለች፤ ከቤት ወደ ቤት እየዞረች፣ የቀረበላትን ቡና እየጠጣች መልሱን ሰበሰበች። ማታ ደግሞ ከተመራማሪዎቹ ጋር ተቀምጣ «እንዲህ ያሉት እንዲህ ለማለት ነው» እያለች ትርጉሙን ፈታችላቸው። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ሠራች። ጥናቱ በእንግሊዝኛ መጽሔት ታትሞ ሲወጣ ከርእሱ ሥር የስድስት ሰዎች ስም ተደርድሮአል። የእርስዋ የለበትም። በመጨረሻው ገጽ፣ ገንዘብ የሰጠው ድርጅት ከተመሰገነ በኋላ፣ «አስተርጓሚዎቻችንን እናመሰግናለን» የሚል አንድ መስመር አለ። እዚያም ስሟ አልተጻፈም።

እናትዋ መጽሔቱን ይዘው ወደ ማኅበራችን መጡና «ልጄ የደከመችበት ይህ ነው አሉኝ፤ ስሟ የቱ ጋ ነው?» ብለው ጠየቁን። ጣታችንን የምናሳርፍበት ቦታ አጣን። ይህን የምንጽፈው ለእኚያ እናት የምንሰጠው መልስ ስላልነበረን ነው። ማንንም በስም ለመክሰስ አልተነሣንም። የምንከሰው ልማዱን ነው።

«እኛ ገና አዲስ መጪዎች ነን፤ ኡልፓን አለብን፣ ቤት አለብን፣ ሥራ አለብን፤ የሊቃውንት ወረቀት ምን አገባን?» የሚል እንደሚኖር እናውቃለን። ያገባናል። በጃንዋሪ 1996 ከማኅበረሰባችን የተለገሰ ደም ሳይነገረን ለዓመታት ሲጣል እንደ ኖረ በጋዜጣ ወጣ። በዚያው ወር መጨረሻ ብዙ ሺህ ሆነን በኢየሩሳሌም አደባባይ ጮኽን። ለዚያ ሥራ ምክንያት ተደርጎ የቀረበው «በእነዚህ ሰዎች ዘንድ በሽታው ይበዛል» የሚል ቁጥር ነበር። ቁጥሩ የተጻፈው ስለ ብዙ ሰው ነው፤ ውርደቱ ግን ያረፈው ክንዱን ዘርግቶ ደሙን በሰጠው በእያንዳንዱ ወታደርና በእያንዳንዱ ተማሪ ላይ ነው። ስለ ሕዝብ የተጻፈ ቁጥር በወረቀት ላይ እንደማይቀር ያን ጊዜ ተማርን። ሐኪሙ ያነበዋል፤ ባለ ሥልጣኑ ያነበዋል፤ የልጃችን አስተማሪም ትሰማዋለች።

አሁን ጥናት እንዴት ለኅትመት እንደሚደርስ ባጭሩ እንንገራችሁ። ተመራማሪዎቹ መጀመሪያ ረቂቁን ይጽፋሉ። ረቂቁ የታወቀ ቅርጽ አለው፦ ለምን እንዳጠኑ የሚናገር መግቢያ፣ እንዴት እንዳጠኑ የሚገልጽ የአሠራር ክፍል፣ ያገኙት ውጤት፣ ከዚያም ውጤቱ ምን ማለት እንደ ሆነና ጉድለቱ የት ላይ እንደ ሆነ የሚያስረዱበት ክፍል ነው። ይህን ከደብዳቤ ጋር ለአንድ መጽሔት ይልካሉ። በአንድ ጊዜ ለሁለት መጽሔት መላክ ክልክል ነው። የመጽሔቱ አዘጋጅ ረቂቁን ሙያውን ለሚያውቁ ለሌሎች ሰዎች ሰጥቶ ያስመረምራል። እነዚህ መርማሪዎች ስሌቱን ያያሉ፤ ክርክሩን ይመዝናሉ። ነገር ግን በሌላ አገር የተቀመጠ መርማሪ እናቶቻችን አንድን ቃል ሲናገሩ ምን ማለታቸው እንደ ሆነ ከየት ያውቃል? እንግዲህ እኛን የሚመለከት ስሕተት መያዝ ያለበት ረቂቁ ከመላኩ በፊት ነው። በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ከእኛ አንድ ሰው ከሌለ፣ በኋላ የሚይዘው የለም።

ምሳሌ እንስጥ። አንዲት እናት «ልቤን ያቃጥለኛል» ቢሉ ብዙ ጊዜ የሚናገሩት ስለ ጨጓራቸው ነው። ቃሉን እንዳለ የመለሰ ሰው በልብ ሕመም ሠንጠረዥ ውስጥ ያስገባቸዋል። አንድ ሽማግሌ «እንዴት ነዎት?» ሲባሉ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ» ይላሉ። ይህ የሰላምታ ወግ እንጂ የጤና ምስክር ወረቀት አይደለም። «ሆድ ባሰኝ» ያለም የሆድ በሽተኛ አይደለም።

ዕድሜንም ተመልከቱ። ከሽማግሌዎቻችን ብዙዎቹ በቴዑዳት ዜሁት ላይ የተጻፈላቸው የልደት ቀን በግምት የተሰጠ ነው። በዘመን አቆጣጠር በኩልም የኢትዮጵያው ከአውሮፓው በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ይለያል። በረቂቁ ላይ ግን አማካዩ ዕድሜ እስከ ነጥብ ድረስ ተቆጥሮ ይታተማል። ስለ ስኳር በሽታ ወይም ስለ ደም ግፊት በሚጻፍ ጥናት ውስጥ ዕድሜ ከተሳተ ብዙ ነገር ይሳታል። ይህን በጉድለት ክፍል ውስጥ በሁለት መስመር መጻፍ ማንን ይጎዳል? የማይጻፈው የሚያውቅ ሰው ስላልተጠየቀ ነው።

ስማችንም እንዲሁ ነው። «ፈላሻ» የሚለው ቃል ለእኛ ስድብ ነው፤ ራሳችንን የምንጠራው ቤተ እስራኤል ብለን ነው። አሮጌ መጽሐፍ ሲጠቀስ በርእሱ ላይ ያለው ቃል እንዳለ ይጻፍ፤ የዛሬ ጸሐፊ ግን በራሱ ዐረፍተ ነገር ውስጥ የሚያስገባበት ምክንያት የለውም። በናታንያ ወይም በሬሆቮት የተወለደን ልጅ «ኢትዮጵያዊ ስደተኛ» ብሎ መቁጠርም ስሕተት ነው፤ ከየትም አልተሰደደም። ከጎንደር የመጣውንና ከትግራይ የመጣውን አንድ አድርጎ፣ ትግርኛ ተናጋሪውን በአማርኛ ጠይቆ «ጥያቄው በእናት ቋንቋቸው ቀረበ» ብሎ መጻፍም ከዚያ አያንስም።

እነዚህን ስሕተቶች የሚያርመው ማነው? ያች «አስተርጓሚ» የተባለችው ልጅ ናት። ታዲያ ስለ ደራሲነት ሕጉ ምን ይላል? በ1978 በካናዳ በቫንኩቨር ከተማ ተሰብስበው ሥራ የጀመሩ የሕክምና መጽሔት አዘጋጆች ኮሚቴ አለ። ደንቡን በዓለም ላይ ብዙ መጽሔቶች ይከተሉታል። ደራሲ ለመባል አራት ነገር ያስፈልጋል ይላል። አንደኛ፣ በጥናቱ ዕቅድ ወይም መረጃውን በመሰብሰብ፣ በመመርመር ወይም በመተርጎም ጉልህ ሥራ መሥራት፤ ሁለተኛ፣ ረቂቁን መጻፍ ወይም በይዘቱ ላይ አስቦ ማረም፤ ሦስተኛ፣ የመጨረሻውን ጽሑፍ አይቶ መስማማት፤ አራተኛ፣ ለሥራው ተጠያቂ መሆን።

እዚህ ላይ አንድ ክርክር ይመጣብናል። «ልጅቱ የመጀመሪያውን ብታሟላም ረቂቁን አልጻፈችም፣ አላረመችም» ይሉናል። ረቂቁን ማን አሳያት? ያው ደንብ የመጀመሪያውን ያሟላ ሰው ሁሉ ረቂቁን ለመጻፍ፣ ለማረምና ለማጽደቅ ዕድል ሊሰጠው ይገባል ይላል። በሩን ዘግቶ «ለምን አልገባሽም?» ማለት ፍርድ አይደለም።

«ደመወዝ ተከፍሎአታል» የሚሉም አሉ። ፕሮፌሰሩስ በነጻ ነው የሚሠሩት? ደመወዝ ደራሲነትን የሚሽር ቢሆን ኖሮ በዓለም ላይ አንድም ደራሲ ባልተገኘ።

ፍትሐዊ ለመሆን እኛም አንድ ነገር እንመን። የተሰጠውን ወረቀት ከቋንቋ ወደ ቋንቋ የመለሰ ሁሉ ደራሲ አይሆንም። እንዲህ ላለው ምስጋና ይበቃዋል፤ ምስጋናው ግን ከፈቀደ በስሙ ይሁን። የምንጠይቀው ምጽዋት አይደለም። ሥራው እንዲመዘን ነው የምንጠይቀው። ያው ኮሚቴ በ2023 የሚጽፍ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ደራሲ ተብሎ አይመዘገብም ሲል ወስኖአል፤ ምክንያቱም ፕሮግራም ለጻፈው ነገር ተጠያቂ ሊሆን አይችልም። መልካም ነው። ልጃችን ግን መሣሪያ አይደለችም። መልሱ ቢሳሳት ሰፈሩ የሚጠይቀው እርስዋን ነው፤ በየሠርጉና በየለቅሶው የሚያገኙዋት እርስዋን ነው። ከእርስዋ የበለጠ ተጠያቂ ማን አለ?

ሌላው «ስም አልጻፍንም» የሚለው መመኪያ ነው። በትልቅ ከተማ ለሚኖር ሰው ስሙ ከቀረ ይበቃው ይሆናል። በእኛ መካከል ግን «በእንዲህ ያለ ከተማ የሚኖሩ፣ ሁለት ልጆቻቸውን በሱዳን መንገድ የቀበሩ፣ የቄስ ልጅ የሆኑ የሰባ ዓመት እናት» ተብሎ ከተጻፈ ስም መጻፍ ምን ያስፈልጋል? ማን እንደ ሆኑ ሁላችንም እናውቃለን። ረቂቁን ከመላኩ በፊት ከእኛ አንድ ሰው ቢያነበው ኖሮ «ይህን አውጡት» ይል ነበር።

ስለዚህ ስለ እኛ የሚጽፉትን ሁሉ፣ በዚህ መጽሔታችን የዕብራይስጥ ገጽ የሚያነቡንንም ጭምር፣ አራት ነገር እንጠይቃለን።

አንደኛ፣ ጥናቱ ሳይጀመር ማን ደራሲ እንደሚሆንና የስሙ ተራ የት እንደሚሆን በጽሑፍ ስምምነት ይደረግ። ጽሑፉ ከወጣ በኋላ ጠብ ቢነሣ የመጽሔት አዘጋጆች አይዳኙም፤ ጉዳዩን ወደ ዩኒቨርሲቲው ነው የሚመልሱት።

ሁለተኛ፣ ረቂቁ ከመላኩ በፊት ቋንቋችንን የሚያውቅ የማኅበረሰባችን ሰው ያንብበው። በአሠራር ክፍሉም ጥያቄው በየትኛው ቋንቋ እንደ ቀረበ፣ ማን እንደ መለሰው፣ ዕድሜ በምን እንደ ታወቀ ይጻፍ።

ሦስተኛ፣ በራሳችን ስም ጥሩን።

አራተኛ፣ ውጤቱን መልሱልን። አንድ ገጽ በአማርኛና በትግርኛ ተጽፎ መረጃው በተሰበሰበበት መርከዝ ክሊታ ወይም ማትናስ ይነበብ። ከእኛ የወሰዳችሁትን እኛ ብቻ ሳናነበው መቅረታችን አሳፋሪ ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ራሳችን እንመለስ። ባለቤቱ ያቀለለውን አሞሌ ባለ ዕዳ አይቀበለውም ይባላል። ልጆቻችን ሆይ፣ ለሥራ ስትቀጠሩ ስለ ደመወዙ እንደምትጠይቁ ሁሉ ስለ ስማችሁም ጠይቁ። ስማችሁን በላቲን ፊደል ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ጻፉ። አንድ ጊዜ በአማርኛ ስም፣ አንድ ጊዜ በዕብራይስጥ ስም፣ አንድ ጊዜ በአባት፣ አንድ ጊዜ በአያት ስም የሚጽፍ ሰው ሥራው በሦስት ሰው ስም ይበታተንበታል። ከ2012 ጀምሮ ኦርኪድ የሚባል ባለ 16 አሃዝ መለያ ቁጥር ለተመራማሪዎች በነጻ ይሰጣል፤ አውጡ። ገንዘብ ተቀብለው በጥቂት ቀን እናትማለን ከሚሉ መጽሔቶች ራቁ፤ ያልተመረመረ ጽሑፍ ለእናንተም ለእኛም አይጠቅምም። የመመረቂያ ጽሑፋችሁንም በመደርደሪያ ላይ አታስቀሩት። እናንተ ካልጻፋችሁት ሌላ ይጽፈዋል።

እናቶችና አባቶች ሆይ፣ እንግዳ ማክበር ወጋችን ነው፤ መጠየቅ ግን እንግዳን መናቅ አይደለም። በሕክምና ጥናት ፈርሙ ስትባሉ «የሄልሲንኪ ኮሚቴ ፈቅዶአል ወይ?» በሉ። ይህ በ1964 በሄልሲንኪ ከተማ በወጣው የሐኪሞች መግለጫ ስም የሚጠራው፣ በየሆስፒታሉ ያለው ፈቃድ ሰጪ ነው። «በቋንቋዬ አንብቡልኝ፤ መሐል ላይ ልተው ብልስ? ውጤቱን ማን ይነግረኛል?» ብላችሁም ጠይቁ። እምቢ በማለታችሁ ሕክምናችሁ ሊጓደል አይገባም። ያ መግለጫ በ2024 ሲሻሻል የሚጠኑትን ሰዎች «ተሳታፊ» ብሎ ጠርቶአል። ተሳታፊ ከሆንን የጻፉትን የመስማት መብት አለን።

ያች ልጅ ዛሬ የራስዋን ጥናት እየጻፈች ነው። ረቂቁን ወደ መጽሔት ከመላክዋ በፊት በአማርኛ እየመለሰች ለእናትዋ አነበበችላቸው። እናትዋ አንድ ቦታ ላይ አስቆሙዋትና «እኛ እንዲህ አላልንም» አሉ። አረመችው።

የጥናት ቅጽ የደረሳችሁ፣ ረቂቅ የያዛችሁ፣ ስማችሁ የቀረባችሁም ወደ ማኅበራችን ኑ። ቁጭ ብለን አብረን እናነበዋለን።