«ዕድሌ ስንት ፐርሰንት ነው?»

ዘንድሮ በእኛ በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች መካከል ከፈተናው ቀጥሎ ብዙ የተወራው ስለ አሜሪካ ታላላቅ ኮሌጆች ነው። «በዚህ ውጤት ሃርቫርድ ይቀበሉኛል?» የሚል አለ፤ የጓደኛውን ካርድ አይቶ «አንተ ትገባለህ፣ እሷ ግን አትገባም» ብሎ የሚፈርድም አይጠፋም። ወላጆችም ይህንኑ ይጠይቃሉ። ጭንቀታቸውን አይተው ገንዘብ እየተቀበሉ «መግባቱ የተረጋገጠ ነው» የሚሉ ደላሎችም ተፈጥረዋል። በእኛ አስተያየት መልሱን ከመፈለጋችን በፊት ጥያቄውን ማስተካከል አለብን።

እኛ ያደግነው በማለፊያ ነጥብ ነው። በ2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያን የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ፈተናው ከባድ ቢሆንም መስመሩ ይታወቃል፤ መስመሩን የደረሰ ሁሉ አልፏል። ሃርቫርድ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2024 ለሚገቡ ተማሪዎች 54,008 ማመልከቻ ደርሶት የተቀበለው 1,937 ሰው ነው፤ ከመቶ አራት አይሞላም። ሁለቱ ቁጥሮች ቢቀራረቡም ትርጉማቸው ለየቅል ነው። እዚያ «ይህን ያመጣ ይገባል» የሚል መስመር የለም። አመልካቾቹ ሁሉ በኤስኤቲ 1600 ቢያመጡ እንኳ ቦታው ያው ሁለት ሺህ ገደማ ነው። ጥሩ ውጤት በሩ ድረስ ያደርሳል እንጂ በሩን አይከፍትም።

ያ «ከመቶ አራት» የሚባለውም የማንም የግል ዕድል አይደለም። አሜሪካዊውንና የውጭ አገሩን፣ ከፋዩንና የማይከፍለውን አንድ ላይ ደባልቆ የወጣ አማካይ ነው። ለእኛ ትልቁ ጉዳይ የገንዘብ ነው። አብዛኞቹ ኮሌጆች ከውጭ የሚመጣ ተማሪ እርዳታ ከጠየቀ ይህንኑ በውሳኔያቸው ውስጥ ያስገቡታል። የመክፈል አቅምን ሳያዩ የውጭ ተማሪን የሚቀበሉት እንደ ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤምአይቲና አምኸርስት ያሉ በጣም ጥቂት ናቸው፤ እነዚህ ደግሞ ዓለም ሁሉ የሚሻማባቸው ናቸው። ስለዚህ «ነጥቤ ይበቃል ወይ?» ከማለት በፊት «ማን ይከፍልልኛል?» ብሎ መጠየቅ ይቀድማል።

«ብዙ ቦታ ካመለከትኩ አንዱ አይቀርም» የሚለውንም ሒሳብ እንመርምረው። እያንዳንዳቸው ከመቶ አራት የሚቀበሉ አሥር ኮሌጆች ብንመርጥ ዕድላችን አርባ በመቶ አይሆንም። ውሳኔዎቹ እንደ ዕጣ አንዱ ከሌላው ባይያያዙ እንኳ ቢያንስ አንድ ቦታ የመግባት ዕድሉ አንድ ሦስተኛ ገደማ ነው። ነገር ግን ይያያዛሉ። ለአሥሩም የሚላከው ያው ውጤት፣ ያው የመምህር ደብዳቤና ያው የእርዳታ ጥያቄ ነው። አንዱን ያሳሰበው ነገር ሌላውንም ያሳስበዋል።

ታዲያ ተስፋ እንቁረጥ? አይደለም። እነዚህ ኮሌጆች ተማሪው ባለበት ቦታ ባገኘው ነገር ምን እንደሠራ ያያሉ። እዚህ ጅቡቲ ብዙዎቻችን በአማርኛ አስበን፣ በእንግሊዝኛ ተምረን፣ በፈረንሳይኛ ጉዳይ እናስፈጽማለን። ከመካከላችን ለእናቱ ሆስፒታል ውስጥ የሚያስተረጉም አለ፤ በኦቦክ በኩል ወደ የመን ሊሻገር መጥቶ ለተቸገረ ወገን የሚደርስ አለ፤ ከትምህርት በኋላ ሱቅ ጠብቆ ታናናሾቹን የሚያስጠና አለ። ብዙዎቻችን ይህን «ሥራ» ብለን አንቆጥረውም፤ ማመልከቻው ላይም አንጽፈውም። የሌለ ክበብ ፈጥሮ ፕሬዚዳንት ነኝ ከማለት ይልቅ ይህን በእውነት መጻፍ ይሻላል።

ትምህርት ቤታችንም ድርሻ አለው። የአሜሪካ ኮሌጆች ከተማሪው ውጤት ጋር የትምህርት ቤቱን መግለጫ ይጠይቃሉ፤ ምን ምን ትምህርት እንደሚሰጥ፣ 85 ማምጣት እዚህ ምን ማለት እንደሆነ የሚያስረዳ ወረቀት ማለት ነው። ብዙ ጊዜም የሁለት መምህራንና የአንድ አማካሪ ደብዳቤ ይፈልጋሉ። መግለጫው በእንግሊዝኛ አንድ ጊዜ ከተዘጋጀ በየዓመቱ ጥቂት እየታረመ ለሁሉም ይሠራል። አንድ መምህር ለዚህ ተመድቦ ከ11ኛ ክፍል ጀምሮ ቢከታተል ከደላላው ያድነናል። ቀደም ብሎ የሚያመለክት ጥቅምት 22፣ በመደበኛው ጊዜ የሚያመለክት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ታኅሣሥ 23 አካባቢ መጨረስ ስላለበት፣ በመስከረም መነሣት ዘግይቶ መነሣት ነው።

ለታናናሾቻችን የምንለው ይህን ነው። ሃርቫርድን መሞከር ነውር የለውም፤ ሌላ ምንም ሳይዙ ሃርቫርድን ብቻ መጠበቅ ግን አንድ ዓመት ያስበላል። ዝርዝራችሁ ላይ የምትመኙትን አንድ ሁለት አድርጉ፤ ከዚያ ቀጥሎ እርዳታ የሚሰጡና ብዙ የማይሻሙባቸውን፤ በመጨረሻም በኢትዮጵያም ሆነ እዚሁ በጅቡቲ ዩኒቨርሲቲ ያለ ጥርጥር የምትገቡበትን አስቀምጡ። ወላጆቻችንም ከሌላ ቤት ልጅ ጋር ማወዳደሩን ይተዉልን። ከሃምሳ ሺህ በላይ ሰው የተመለሰበት በር የአንድን ልጅ ዋጋ አይለካም።