ዋት ቆጥሮ አምፕ መግዛት

ከነቀምቴ እስከ ጊዳ አያናና ኪራሙ ባሉ የምሥራቅ ወለጋ ከተሞች አንዲት የወንጌላውያን ማኅበረ ምእመናን ለቤዝ ጊታር አምፕሊፋየር ልትገዛ ስታስብ፣ ኮሚቴው ፊት የሚቀርበው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ሁለት ብቻ ነው፤ «ስንት ዋት ነው?» እና «ስፒከሩ ስንት ኢንች ነው?»። ገንዘቡ ተዋጥቶ ወደ አዲስ አበባ የሚላከው ሰው ብሩ የፈቀደለትን ትልቁን ሣጥን አስጭኖ ይመለሳል። እሑድ ጠዋት ቆርቆሮው ይንቀጠቀጣል፤ ፊት ወንበር የተቀመጡትን እናቶች ደረታቸውን ይመታቸዋል፤ ቤዚስቱ የሚጫወተው ኖታ ግን ለራሱም ጠርቶ አይሰማውም። ትልቅ አምፕ ጥሩ ቤዝ ያወጣል የሚለው እምነት በአብያተ ክርስቲያናት የድምፅ አጠቃቀም ውስጥ ከተተከሉት ስሕተቶች ሁሉ ውዱ ነው። አምፕ መመረጥ ያለበት በቤቱ ቅርፅና አብሮ በሚዘምረው ጉባኤ ድምፅ ልክ ነው።

የወለጋ ወንጌላውያን ዝማሬ ከቤዝ ጊታር በዕድሜ ይበልጣል። ወንጌላዊው ኦኔሲሞስ ነሲብ የኦሮምኛ መዝሙሮችን በመጽሐፍ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1886 ሲሆን ነቀምቴ የገባው በ1904 ነው። ሊዮ ፌንደር ዓለም የተቀበለውን የኤሌክትሪክ ቤዝ ጊታር ለገበያ ያቀረበው በ1951 ነው፤ የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ በአገር አቀፍ ደረጃ የተመሠረተችው ደግሞ ከዚያ ስምንት ዓመት በኋላ፣ በ1959 ነው። በደርግ ዘመን በወለጋ ብዙ የጸሎት ቤቶች ሲዘጉ ዝማሬው የዘለቀው በሰው ጉሮሮ ነበር። ስለዚህ በእነዚህ አዳራሾች ዋናው የሙዚቃ መሣሪያ የምእመናኑ ድምፅ ነው። ቤዙ የገባው ለዚህ ድምፅ ወለል እንዲሆን ነው፤ ሊሸፍነው የሚችል አምፕ ታዲያ ገና ሲገዛ ያለ ቦታው የገባ ዕቃ ነው።

የትልቅነት አምልኮ የመጣው ከሌላ ዓለም ነው። አምፔግ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ 300 ዋቱን ኤስ.ቪ.ቲ. የቤዝ አምፕ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው፤ የታሰበውም በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ለሚሰበሰብባቸው መድረኮች ነበር። በዚያን ጊዜ የአዳራሽ ድምፅ ማጉያዎች ከዘፋኙ ድምፅ አልፈው ቤዝ ለመሸከም አቅም ስላልነበራቸው፣ ቤዚስቱ ሕዝቡ ጋ የሚደርሰው በራሱ አምፕ ጉልበት ብቻ ነበር። ያው ኩባንያ በ1960 ያወጣው ቢ-15 ግን 25 ዋት ገደማ ብቻ ነበረው፤ የዚያ ዘመን ስመ ጥር ቤዚስቶችም በዚህ ትንሽ አምፕ ተጫውተዋል። ሦስት መቶ ሰው የሚይዝ የኪራሙ አዳራሽ ከሁለቱ ለየትኛው እንደሚቀርብ መናገር አያስቸግርም። ሆኖም በቪዲዮ የሚታየው ኮንሰርት ነው፤ ወጣት ቤዚስቶችም ከጀርባቸው ግድግዳ የሚያህል ሣጥን ቢቆም ደስ ይላቸዋል።

የዋቱ ሒሳብ ራሱ ገዢውን ያታልለዋል። የአምፕ ኃይል በእጥፍ ሲጨምር፣ ከ100 ዋት 200 ሲሆን፣ ድምፁ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ይህ ጆሮ ልብ የሚለው፣ ግን የማይደነቅበት ለውጥ ነው። ድምፁ ለሰሚው እጥፍ ሆኖ እንዲሰማ ወደ 10 ዴሲቤል ስለሚያስፈልግ 100 ዋቱ ወደ 1000 መድረስ አለበት። የስፒከሩ ቅልጥፍና ግን ያለ ተጨማሪ ኃይል ብዙ ያተርፋል። በአንድ ዋት በአንድ ሜትር ርቀት 99 ዴሲቤል የሚያወጣ ስፒከር ከ100 ዋት አምፕ ጋር ሲሠራ፣ 93 ዴሲቤል የሚያወጣው ከ400 ዋት ጋር የሚሰጠውን ያህል ይሰጣል። ይህ ቁጥር በመመሪያ ወረቀቱ ላይ ተጽፎ ሳለ ጠያቂ የለውም። በሣጥኑ ፊት በትልቁ የሚታተመው፣ ለቅጽበት እንኳ አስተማማኝ ያልሆነ የ«ፒክ» ቁጥር ነው። 1000 ዋት የሚል ተለጣፊ ኖሮት ከኋላው 1 አምፒር ፊውዝ ያለው ዕቃ፣ በ220 ቮልት ያለማቋረጥ ከመስመሩ የሚስበው ከ220 ዋት ብዙም አይዘልም። ፊውዙ ከተለጣፊው ይልቅ እውነት ይናገራል።

ኢንቹም እንደዚሁ ነው። «ለቤዝ 15 ኢንች ግድ ነው» ይባላል። የአንድ 15 ኢንች ስፒከር ፊት ስፋት 177 ካሬ ኢንች ገደማ፣ የሁለት ባለ 10 ኢንች 157 ገደማ ነው፤ አራት ባለ 10 ኢንች ሲደመሩ ደግሞ 314 ይደርሳሉ። አየር የሚገፋው ጠቅላላ ስፋትና የስፒከሩ እንቅስቃሴ እንጂ የአንዱ ክብ ዲያሜትር ስላልሆነ፣ ኢንቹ ብቻውን ምንም አይወስንም።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የአዳራሹ ጉዳይ ነው፤ በግዢው ስብሰባ ላይ ስሙ የማይነሣውም እሱ ነው። የባለ አራት ክር ቤዝ ወፍራሙ ክር በሴኮንድ 41 ጊዜ ይርገበገባል። ድምፅ በሴኮንድ 340 ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ የዚህ ኖታ አንድ ሞገድ 8 ሜትር ከ30 ሳንቲም ያህል ይረዝማል። ወርዱ ወደዚህ የሚጠጋ፣ ግድግዳው ብሎኬት የሆነ አዳራሽ ሲያጋጥም፣ ሞገዱ በሁለቱ ግድግዳዎች መካከል እየተመላለሰ በአንድ ቦታ ይቆማል። ያን ጊዜ ግድግዳ ሥርና መሐል ላይ የተቀመጠውን ሰው ኖታው ይጮህበታል፤ ከግድግዳው ሁለት ሜትር ገደማ የተቀመጠው ግን ያንኑ ኖታ ፈጽሞ ላይሰማው ይችላል። አንዱ ወንበር ላይ ያለ ሽማግሌ «ቤዙ በዛ» ሲል ሌላው «ቤዝ የለም እንዴ?» ቢል ሁለቱም እውነታቸውን ነው። አምፑን መጨመር ሁለቱንም ቦታ እኩል ስለሚያሳድግ ጥሉን አይፈታውም። የሚፈታው አምፑን ከጥግ ማውጣትና የሚጮኸውን ኖታ በኢኳላይዘር መቀነስ ነው፤ ሁለቱም ሳንቲም አያስወጡም።

ቅዳሜ ማታ የሚደረገው ልምምድም ያሳስታል። ባዶ አዳራሽ ውስጥ ሲሞከር ቤዙ ልከኛ ይመስላል። እሑድ ምእመናኑ ነጠላና ጋቢ ለብሰው ሲሞሉ፣ የሰው አካልና ልብስ ቀጭኑን ድምፅ ከወፍራሙ ይበልጥ ስለሚውጠው፣ ቤዙ ሳይነካ ገንኖ ይወጣል። በዚህ ላይ የወለጋ ዝናብ አለ። ከግንቦት እስከ መስከረም ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ የሚፈጥረው ጫጫታ የሰባኪውን ተነባቢ ድምፆች ያጠፋል፤ የዝማሬውን ቃል ያደበዝዛል። በዚህ ሰዓት የተለመደው ምላሽ ሁሉንም ቁልፍ ወደ ላይ ማዞር ነው። ዝናቡ ግን የሚሸፍነው በዋናነት የንግግርን ክልል ነው፤ ከፍ ያለ ቤዝ የቀረውን ቃል ያፍናል እንጂ ለተሸፈነው አይደርስለትም። ዝናብ ሲወርድ ቤዝ መቀነስ አለበት። በስድስት ስምንተኛ ምት በሚሄዱ ፈጣን የኦሮምኛ መዝሙሮች ጉዳቱ ይብሳል፤ በሚያስተጋባ ቤት አንዱ ኖታ ሳይሞት ሌላው ይደረብበታል፤ ምቱም ድፍን ጉምጉምታ ይሆናል።

የኪቦርዲስቱ ግራ እጅም የክርክሩ አካል ነው። በብዙ ማኅበረ ምእመናን ኪቦርዲስቱ ከስታይል፣ ማለትም ኪቦርዱ ራሱ ከሚያወጣው አጃቢ ምት ጋር ይጫወታል፤ ስታይሉ የራሱ ቤዝ አለው፤ ግራ እጁም ይጨምርበታል። ቤዚስቱ ሦስተኛ ሆኖ ሲገባ፣ ራሱን ለመስማት የቀረው መንገድ ድምፅ መጨመር ብቻ ይመስለዋል። የስታይሉን ቤዝ ማጥፋት አንድ ቁልፍ መጫን ነው፤ ኪቦርዲስቱን ማሳመን ከበድ ሳይል አይቀርም።

አምፕ ትቶ ቤዙን በቀጥታ ወደ ሚክሰር መሰካት ሌላው ልማድ ነው፤ ርካሽ ስለሆነ ይወደሳል። ባትሪ የሌለው ቤዝ ጊታር ማግኔት ግን ወደ 1 ሚሊዮን ኦም የሚጠጋ መግቢያ ይፈልጋል፤ የተለመደው የሚክሰር ላይን መግቢያ 10 ሺህ ኦም ገደማ ነው። በዚህ መካከል የኖታው ጥራት ይጠፋል፤ ጭቃ ድምፅ ይቀራል፤ ሰውም ጥፋቱን በጊታሩ ላይ ያላክካል። በጊታሩና በሚክሰሩ መካከል የሚሰካው ዲአይ ቦክስ ይህን ያስተካክላል። ይሁንና ከቤዚስቱ ጀርባ አንድ ትንሽ ስፒከር ካልኖረ ራሱን ስለማይሰማ፣ ከሚክሰሩ ኃላፊ ጋር ያለው ጭቅጭቅ ሳምንት በሳምንት ይቀጥላል።

መብራቱን ሳያዩ አምፕ መምረጥም ስሕተት ነው። የአገሪቱ መብራት 50 ኸርዝ ነው፤ በወፍራሙ ክር ሦስተኛ ፍሬት የሚገኘው ጂ ኖታ ደግሞ 49 ኸርዝ ነው። መሬት የሌለው መስመር የሚያመጣው እምምታ ስለዚህ የቤዙ ክልል ውስጥ ይቀመጣል፤ ከኖታውም ጋር በሴኮንድ አንዴ ይጋጫል። ድምፁን ለማጥፋት ሲባል የሶኬቱን የመሬት ፒን መንቀል ግን በሰው ሕይወት መጫወት ነው። እጁ ክር ላይ እያለ ከንፈሩ ማይክሮፎን የሚነካ ዘማሪ በዚያ መንገድ ሊሞት ይችላል። ለሚገዛው ዕቃ ገንዘብ ከመዋጣቱ በፊት የአዳራሹ መሬት ሽቦ መሠራት አለበት፤ ከትልቁና ከትንሹ አምፕ ዋጋ ልዩነት ላይ ይህን መሸፈን ይቻላል። ትንሽ አምፕ አነስተኛ ጄኔሬተርም ይበቃዋል።

ሦስት መቶ ሰው ለሚይዝ አዳራሽ የሚመጥነው ከ100 እስከ 200 ዋት ያለው፣ አንድ 12 ወይም ሁለት 10 ኢንች ስፒከር የያዘ፣ ወደ ሚክሰር የሚሄድ ዲአይ መውጫ ያለው፣ አንድ ሰው የሚሸከመው ኮምቦ (አምፕና ስፒከር በአንድ ሣጥን) ነው። አምፑ ወንበር ላይ ተቀምጦ ወደ ቤዚስቱ ጆሮ ቢዞር፣ ከ40 ኸርዝ በታች ያለውም ቢቆረጥ፣ ኖታው ይጠራል፤ ጆሮ የአንድን ወፍራም ኖታ ማንነት ከላይኛዎቹ ድርብ ድምፆቹ መለየት ስለሚችል ከሥር የተቆረጠው ብዙም አይጎድልበትም። ጎረቤትም ይተኛል። አገራዊው የድምፅ መለኪያ ለመኖሪያ ሰፈር ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ነው፤ በአዳር ጸሎት ጊዜ ግድግዳ ሰንጥቆ የሚያልፈው ደግሞ በመጀመሪያ ቤዙ ነው። በቅርብ ዓመታት ኪራሙ እንዳየችው ግጭትና መፈናቀል ባለበት አካባቢ፣ ሁለት ሰው ማንሣት የማይችለው ሣጥን መጀመሪያ የሚተው ንብረት መሆኑም ሊታሰብ ይገባል።

ትልቁን የሚደግፉ ሰዎች አንድ ጠንካራ መከራከሪያ አላቸው፤ ኮንፈረንስ። ሜዳ ላይ፣ ድንኳን ሥር፣ ቤዙን የሚያግዝ ግድግዳ ስለሌለ ኃይሉ በአየር ላይ ይበተናል፤ እዚያ 100 ዋት አይበቃም። ይህ እውነት ነው፤ ነገር ግን በዓመት ጥቂት ቀን የሚደረግ ጉባኤ ለእያንዳንዱ አጥቢያ የተለየ ግዢ ምክንያት አይሆንም። አንድ የሜዳ ስፒከር ስብስብ በአካባቢው ባሉ ማኅበረ ምእመናን የጋራ ንብረትነት ሊያዝና ሊዘዋወር ይችላል። የውጭ ምንዛሪ ተመኑ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የብር ዋጋ እጅግ ስለወረደ ከውጭ የሚገባ መሣሪያ ለአንዲት አጥቢያ ብቻ መግዛት ከቀድሞው ይበልጥ ከብዷል።

ግዢው ሲወሰንም ወደ አዲስ አበባ የሚላከው ገንዘብ ያዡ ብቻ መሆን የለበትም። ቤዚስቱ የራሱን ጊታር ይዞ ሄዶ በዝቅተኛ ድምፅ ይሞክረው፤ ክፍት ኢ ክሩን፣ ቀጥሎ ሦስተኛ ፍሬት ላይ ጂ ኖታን መትቶ ሁለቱ እኩል ተለይተው መሰማታቸውን ያረጋግጥ፤ ከዚያ ከኋላ ያለውን ፊውዝ ያንብብ።