«ቲኤስኤች ኖርማል ነው» ማለት ታይሮይድ ደህና ነው ማለት አይደለም!

የዛሬው ወቀሳዬ ለእኛ ለሐኪሞችም ጭምር ነው።

ኮኪት ላይ ቤቷ የወለደች፣ ብዙ ደም ፈሷት ራሷን ስታ በመከራ የተረፈች እናት አስቡ። ጡቷ ወተት አልሰጠም፤ ልጇ በፍየል ወተት አደገ። የወር አበባዋ ከዚያ ወዲህ አልተመለሰም፣ የብብት ፀጉሯ ረገፈ፣ ሰሊጥ አጨዳ ላይ ከሰው እኩል መቆም አቃታት። የመተማ ቆላ በ40 ዲግሪ ሲነድ እሷ ጋቢ ትደርባለች። ጎረቤት «የአራስ ብርድ መቷት ነው» ይላል። ለወባማ ስንት ጊዜ ኪኒን ውጣለች! በመጨረሻ ቤተሰብ ብር አዋጥቶ ከተማ ያስመረምራታል። ቲኤስኤች ብቻ ይታዘዛል፣ ውጤቱ 2 ይሆናል፣ «ኖርማል ነሽ፣ ጭንቀት ነው» ተብላ ትመለሳለች።

ይህ ስህተት ነው!

ቲኤስኤች ከአንጎል ሥር ያለችው ፒቱታሪ ዕጢ ለታይሮይድ የምትልከው ትዕዛዝ ነው። ታይሮይድ ሲደክም ፒቱታሪ ትጮሃለች፣ ቲኤስኤች ይጨምራል። ለአብዛኛው ሰው ጥሩ ምርመራ የሆነውም ለዚህ ነው። ጯሂዋ ራሷ ከተጎዳችስ? በእርግዝና ጊዜ የምታድገው ይህች ዕጢ፣ በወሊድ ብዙ ደም ሲፈስ ደም አጥሯት ልትሞት ትችላለች። ሃሮልድ ሺሃን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በ1937 እ.ኤ.አ. ስለጻፈበት የሺሃን ሲንድረም ይባላል።

አታላዩ ነገር ቲኤስኤች ዜሮ አለመግባቱ ነው። ጤነኛ ሰው ላይ ሌሊት ይጨምራል፣ ከሰዓት በኋላ ይወርዳል። ፒቱታሪያቸው የተጎዳ ብዙ ሰዎች ላይ የሌሊቱ ጭማሪ ይቀንሳል ወይም ይጠፋል፤ የሚመነጨውም ሆርሞን ጉልበቱ ደካማ ነው። ጠዋት 4 ሰዓት የተቀዳ ደም ይህን አያሳይም፤ ቁጥሩ ኖርማል፣ አንዳንዴም ትንሽ ከፍ ያለ ሊሆን ይችላል።

ሌሊት ደም ይቀዳ አላልኩም። ፍሪ ቲ4 አብሮ ይታዘዝ ነው የምለው። «ዋጋው ይወደዳል» ትሉኛላችሁ። ለዓመታት ምልልስ የወጣው ትራንስፖርትስ?

ፍሪ ቲ4 ዝቅ ካለ ደግሞ ኪኒን ከመጀመሩ በፊት ኮርቲሶል ይታይ። ኮርቲሶል የጎደለው ሰው የታይሮይድ ኪኒን ብቻውን ከጀመረ ሕይወቱ አደጋ ላይ ይወድቃል። ከዚያ በኋላም የመድኃኒቱ መጠን በፍሪ ቲ4 እንጂ በቲኤስኤች አይስተካከል።

እናቶች፣ ባሎችም፣ ሐኪም ፊት ስትቀርቡ ባትጠየቁም «በወሊድ ጊዜ ብዙ ደም ፈሶ ነበር፣ ወተትም አልመጣም» በሉ።