ቪቶሻን ከመስኮት ማየት ይብቃን

ባለፈው የማኅበራችን ስብሰባ አንድ ጥያቄ ተነሥቶ ውሳኔ ሳያገኝ ቀርቷል። ይኸውም ከመዋጮው የተረፈችው ጥቂት ገንዘብ በምን ላይ ትዋል የሚል ነው። ከፊሎቹ ለበዓል ግብዣ ትቀመጥ አሉ፤ ከፊሎቹ ለሽርሽር ትሁን አሉ። በመካከሉ «ሽርሽር የሥራ ፈት ነገር ነው፤ እኛ የመጣነው ለትምህርት ነው» የሚል ድምፅ ከኋላ ወንበር ተሰማና ጭብጨባ አገኘ። እኛ በዚያን ጊዜ ዝም ብለን ነበር። ከጭብጨባው በኋላ ግን አስበንበት የደረስንበትን ሐሳብ በዚህ ገጽ ለአንባቢያን ለማቅረብ ወደድን።

በመጀመሪያ እውነቱን እንነጋገር። ሶፍያ ውስጥ በተማሪዎች ከተማ የምንኖር ኢትዮጵያውያን እሑዳችንን እንዴት እናሳልፋለን? በአንድ ጠባብ ክፍል ስድስት ሰባት ሆነን እንሰበሰባለን፤ ሽንኩርት ይቁላላል፤ ከአገር ቤት የመጣችው በርበሬ በማንኪያ ጫፍ ትቈጠባለች፤ ቡና ይፈላል፤ ወሬው ሁሉ የአገር ቤት ወሬ ነው። ይህ ነውር አይደለም፤ ናፍቆትን የሚያስታግሥ ነው። ዳሩ ግን መስኮቱን ብንከፍት የቪቶሻ ተራራ ፊት ለፊታችን ቆሟል። ከመካከላችን አራተኛ ዓመቱን ይዞ ያንን ተራራ ከመስኮት በቀር የማያውቅ አለ። እንዲህ ያለው ሰው ነገ አገሩ ሲገባ «ቡልጋሪያ እንዴት ያለች አገር ናት?» ብለው ቢጠይቁት ምን ይመልሳል? «ትበርዳለች» ብሎ ዝም ከማለት በቀር የሚናገረው የለውም።

ለትምህርት ነው የመጣነው የተባለውን እንቀበላለን። ታዲያ ትምህርቱ የሚሰጠው በምን ቋንቋ ነው? ቋንቋ ደግሞ በደብተር ብቻ አይገኝም። ከእኛ አንዱ በመጀመሪያው ዓመት ዳቦ ቤት ገብቶ «ባኒጻ አለ?» ብሎ ቢጠይቅ ሻጯ ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀችለት። የለም ያለችው መስሎት ጾሙን ወጣ። ቡልጋሮች ራሳቸውን ወደ ጎን ሲነቀንቁ እሺ፥ ወደ ላይና ወደ ታች ሲነቀንቁ እምቢ ማለታቸው እንደሆነ የተማረው በረኀብ ነው። ሌላው ወንድማችን ግን የከፋ ነገር ደርሶበታል። በቃል ፈተና ላይ መምህሩ ራሱን ወደ ጎን ሲነቀንቅ የተሳሳተ መስሎት ትክክለኛውን መልስ ለወጠና ያንኑ ትምህርት በመኸር እንደገና ተፈተነ። እነርሱም ቢሆኑ በእኛ ይገረማሉ። አዎን ለማለት ትንፋሻችንን ወደ ውስጥ ሳብ ስናደርግ «ምን ሆንህ? አመመህ?» ብለው ውሃ ሊያመጡ ይነሣሉ። ይህን መዝገበ ቃላት አያስተምርም፤ የሚያስተምረው ከሰው ጋር መዋል ነው።

ባለፈው ማርች 1 ቀን የመኝታ ቤታችን ዘበኛ የሆኑት አሮጊት ለእያንዳንዳችን ማርተኒጻ የሚሉትን ቀይና ነጭ ክር በእጃችን ሊያስሩ መጡ። ከእኛ አንዱ ድግምት መስሎት እጁን ሸሸገ። ሴትዮዋም እንደ ማፈር ብለው ተመለሱ። ነገሩ ግን የጤናና የመልካም ጸደይ ምኞት ነው፤ ሰው ክሩን አስሮ ይቆይና ሽመላ ወይም ያበበ ዛፍ ባየ ጊዜ ይፈታዋል። እኒያን እናት ያሳፈርናቸው ክፋት ኖሮን አይደለም፤ ያሳፈርናቸው የበዓላቸውን ትርጉም ለመጠየቅ ሰንፈን ነው።

ሽርሽር የሥራ ፈት ነገር ነው ለሚሉትም አንድ ታሪክ እናስታውሳቸው። አሌኮ ኮንስታንቲኖቭ ጠበቃም ደራሲም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1895 ዓ.ም. በነሐሴ ወር የሶፍያን ሰዎች ጠርቶ 300 ያህል ሆነው 2,290 ሜትር ከፍታ ወዳለው ወደ ቸርኒ ቭራህ ወጡ። የቡልጋሪያ የሽርሽር ማኅበራት ታሪክ የሚቈጠረው ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1966 ዓ.ም. ጀምሮም የ100 ታላላቅ ሥፍራዎች ደብተር አለ፤ ሰው በየሥፍራው ማኅተም እያስመታ 25 ሲሞላ የነሐስ፥ 50 ሲሞላ የብር፥ 100 ሲሞላ የወርቅ ምልክት ያገኛል። በዚህ አገር ከሰባ ዓመት ያለፋቸው ሰዎች በትር ይዘው ዳገት ሲወጡ እኛ የሃያ ዓመት ጎረምሶች ብርድ ልብስ ውስጥ እንገኛለን።

የምናየው ነገር ደግሞ ለእኛ ባዕድ አይደለም። በከተማው መካከል እ.ኤ.አ. በ1913 ዓ.ም. የተከፈተው የፍል ውሃ መታጠቢያ ቤት ዛሬ የከተማው ታሪክ ሙዚየም ሆኗል፤ በአጠገቡ ካሉት ቧንቧዎች ግን ሰው አሁንም ትኩስ ውሃ በዕቃ እየቀዳ ይሄዳል። አዲስ አበባ በፍል ውሃ አጠገብ የተቆረቆረች መሆኗን የሚያውቅ ሰው ይህን አይቶ ዝም ብሎ አያልፍም። በጃንዋሪ 6 ቀን ደግሞ የእነርሱ ጥምቀት ነው። ቄሱ መስቀሉን በረዶ በሆነ ውሃ ውስጥ ይጥላሉ፤ ጎበዛዝቱ ዘለው ገብተው ያወጡታል። በካሎፈር ከተማ ወንዶቹ በቱንጃ ወንዝ ውስጥ በከበሮ ይጨፍራሉ። ከ13 ቀን በኋላ የእኛ ጥምቀት ሲደርስ ታቦቱን እያሰብን ከምንተክዝ፥ የእነርሱን ሄደን ብናይ የእኛንም ብንነግራቸው አይሻልም?

የሚያስቀረን ብርድና ስንፍና ብቻ እንዳልሆነ አንሰውርም። በትራም ውስጥ አፍጥጦ የሚያይ አለ፤ ክፉ ቃል የሚወረውርም አልፎ አልፎ ይገኛል። ይህን የቀመሰ ሰው ከክፍሌ አልወጣም ቢል አንፈርድበትም። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1963 ዓ.ም. በዚህችው ከተማ የነበሩት የአፍሪካ ተማሪዎች ያደረጉትን እናስብ። ማኅበራቸው በመከልከሉ ሰልፍ ወጡ፤ ፖሊስ በተናቸው፤ ብዙዎቹም ትምህርታቸውን ትተው አገሩን ለቀቁ። እነዚያ ታላላቆቻችን ያን ያህል የከፈሉት በአንድነት ለመቆም ነው። ዛሬ ማኅበር አላችሁ ብሎ የሚከለክለን የለም። ታዲያ ይህን ማኅበር በዓመት ሁለት ጊዜ ሥጋ ለመግዛት ብቻ ብናውለው አናፍርም? ብቻውን ሲሄድ የሚሸማቀቅ ሰው አሥራ አምስት ሆኖ ሲሄድ ቀና ብሎ ይሄዳል፤ ማኅበር የተባለውም ለዚህ ነው።

ስለዚህ ሐሳባችን የሚከተለው ነው። ገንዘቡ ለሁለት ይከፈል፤ እኩሌታው ለግብዣው ይቀመጥ፥ እኩሌታው በወር አንድ ጊዜ ለሚደረግ ጉዞ ይሁን። ቪቶሻ በከተማ አውቶቡስ የሚደረስበት ስለሆነ ወጪው ያን ያህል አይደለም፤ ምሳውን ከክፍላችን እንይዛለን፤ ጀበናውም ቢሆን ተራራ መውጣት ይችላል። እያንዳንዳችን አንድ ቡልጋራዊ የክፍል ጓደኛ እንጥራ። በማስተማር ላይ ያላችሁ ታላላቆቻችንም ከፊት ብትመሩን ደስ ይለናል። መጀመሪያ በተራራው ሥር ያለችውን የቦያናን ቤተ ክርስቲያን ብናይ መልካም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1259 ዓ.ም. የተሣሉት ሥዕሎቿ በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ላደገ ሰው ብዙ የሚነግሩት አላቸው።

በሚመጣው ስብሰባ ይህ ሐሳብ በድምፅ እንዲወሰን እንጠይቃለን። ካለፈ የሚከተለው እሑድ ጠዋት በ3 ሰዓት፥ በእነርሱ አቆጣጠር በ9 ሰዓት፥ ከመኝታ ቤታችን በር እንነሣለን። «በየትኛው ሰዓት ነው?» ብሎ ማርፈድ እንዳይኖር ሁለቱንም ጽፈናል። የቀረ ሰው ግን እንደ ልማዱ ከመስኮቱ ይመልከተን።