ርካሹ ሩቢኔት ለማን ርካሽ ነው?

ላሊበላ ላይ ሆቴል የሚያሠራ ባለሀብት ስለ ውሃ የሚጨነቀው እንዳይጠፋበት ነው። ሮቶ ይሰቅላል፣ ክሎሪን ይጨምራል፣ የሚጠጣውን ያስፈላል። እርሳስ የተባለው ብረት ግን በክሎሪን አይወገድም፤ በፈላም ውሃው ተንኖ እሱ ይቀራል። ደግሞም አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከምንጩ ሳይሆን ከዕቃው ነው። ነሐስ ለመቅረጽ እንዲመች እርሳስ ይቀላቀልበታል፤ በቧንቧ ውስጥ ያደረ ውሃም ያንን ቀስ በቀስ ያሟሟል። ጉዳቱ በሕፃናት አእምሮ ላይ ይብሳል።

የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 10 ማይክሮግራም ነው። አሜሪካ እስከ 8 በመቶ እርሳስ ትፈቅድበት የነበረውን የቧንቧ ዕቃ እ.ኤ.አ. በ2014 ወደ 0.25 በመቶ አውርዳዋለች። ደላላው «ኦሪጅናል ነው» ሲል ግን ስለዚህ ቁጥር ምንም አልተናገረም።

ውጭ አገር «ጠዋት ቧንቧውን ከፍተህ ጥቂት አፍስስ» ይባላል። ጀሪካን ተሸክሞ ዳገት ለሚወጣው የላስታ ሰው ይህን ማን ደፍሮ ይነግረዋል? ስለዚህ መቆጣጠሪያው ግዢው ላይ ነው። ሆቴሉ ከመከፈቱ በፊት ያደረውን ውሃ ማንም ሳይነካው ቀድቶ፣ ከዋናው መስመር ከተቀዳ ናሙና ጋር ላቦራቶሪ መላክ ይቻላል። ያደረው ብቻ ከፍ ካለ ጥፋቱ የዕቃው ነው። አስመጪውም የእርሳሱን መጠን የሚገልጽ ወረቀት ከደረሰኙ ጋር ካቀረበ ዋጋ ቢጨምር ያምርበታል።